የሙዚቃ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ አርባ ዓመት የሞላው ዘፈን

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ዘፈን ዙሪያ ከረመ ብል ማጋነን አይሆንም። መስከረም ላይ ስንጀምር 23 አባላት፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ጊታርና አንድ ክራር ነበረን። ልምምዳችን ሐሙስ ከሰዓት ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፍላሽ ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ይሄንን እንጫወት» አለችኝ። ስንከፍተው «ላስት ክሪስማስ» ነው።

መጀመሪያ አልፈለግሁም። የገና ዘፈን ከሆነ የራሳችን አለን ብዬ ነው። ልጅቷ ግን አልለቀቀችኝም። «በየዓመቱ ካፌው ይከፍተዋል፣ ሱቁ ይከፍተዋል። ስለ ምን እንደሚያወራ ግን ማናችንም አናውቅም» አለች። እውነቷን ነው። መጀመሪያ እንወቀው፣ ከዚያ እንጫወተዋለን ተባባልን።

ግጥሙን ዘርዝረን ስናነብ ልጆቹ ገረማቸው። ስለ ልደት አንድም ቃል የለበትም። ባለፈው ገና ልቡን ሰጥቶ በማግሥቱ ስለተከዳ ሰው ነው። ለእኔ የዘፈኑ ዕድሜ ሚስጥር እዚህ ጋ ነው። በዓል ሲመጣ ቤት ውስጥ የጎደለው ሰው ይበልጥ ይታያል። ዜማው ያስጨፍራል፣ ቃሉ ግን ሆድ ያስብሳል። የእኛን ትዝታ የሚያውቅ ሰው ይሄ ስሜት አይጠፋውም።

ዘፈኑን የሠራው ጆርጅ ማይክል ነው። «ዋም» የሚባለውን ቡድን ከአንድሩ ሪጅሊ ጋር የመሠረቱት በትምህርት ቤት ተዋውቀው ነው። ይህንን ስነግራቸው ሁለቱ ጊታሪስቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ላይ፣ በ20 ዓመቱ፣ ወላጆቹ ቤት በልጅነት ክፍሉ ውስጥ ነው ዜማው የመጣለት። በነሐሴ ለንደን ውስጥ ሲቀረጽ መሣሪያዎቹን ሁሉ የተጫወተው እሱ ራሱ ነው። ኅዳር 24 ቀን 1977 በእኛ አቆጣጠር ለገበያ ወጣ።

1977 ሲባል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰባ ሰባትን ልጆቹም ከቤት ሰምተውታል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ማይክል በርክ እና መሐመድ አሚን ከኮረም የሠሩትን ዘገባ አሳየ። ያንን ያየው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ከሙያ ባልደረባው ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የእንግሊዝንና የአየርላንድን ዘፋኞች ሰበሰበ፣ ባንድ ኤይድ በሚል ስምም ለረሃቡ መርጃ የሚሆን ዘፈን አወጡ። ጆርጅ ማይክልም ከዘፋኞቹ አንዱ ነበር። ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ሰሞን ወጡ። በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ደረጃ የባንድ ኤይዱ አንደኛ ሲሆን «ላስት ክሪስማስ» ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ዋሞች ግን ከዘፈናቸው ያገኙትን ገቢ ለኢትዮጵያ ረሃብ ተጎጂዎች መርጃ ሰጡ። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን የምንሰማው ዘፈን እንዲህ ከእኛ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

የባንድ ኤይድን ዘፈን ስንሰማ ልጆቹ ተቆጡ። «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ከነከናቸው። ወንዝ የማይፈስበት አገር ሲባልማ አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «ዓባይስ?» አለ። አላበረድኳቸውም። ላሊበላ ላይ ገና ስንት መቶ ዓመት እንደተከበረ የሚያውቅ ልጅ ይህንን ሰምቶ ዝም ካለ ነው የሚያሳስበኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከበሮ የምትመታው ልጅ አያቷን ይዛ መጣች። እማማ በሰባ ሰባት ከወሎ የተሰደዱ ናቸው። ሁለቱንም ዘፈን አሰማናቸው። አንዱንም አያውቁትም። ስለ ቁጣችን ስንነግራቸው ግን ዝም ብለው አዳመጡና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ማን እንደላከው አላውቅም። ፋፋውን ግን በልቻለሁ። የላከውን እግዚአብሔር ይስጠው።» ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። የዚያን ቀን ልምምድ አላደረግንም። ቡና አፈላንላቸው።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ። «ላስት ክሪስማስን» ከላይ እስከ ታች አራት ኮርድ ነው የሚሸከመው፦ ዲ፣ ቢ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤ። ጊታር ከያዘ ሦስት ወር የሆነው ልጅ ይጫወተዋል። ክራር የሚመታው ልጃችን በትዝታ ሜጀር ቃኝቶ አብሮ ሞከረ። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚፈልጋቸው አንዳንድ ኖታዎች ክራሩ ላይ የሉም። እዚያ ቦታ ላይ ክራሩ ያርፋል፣ ኪቦርዱ ይቀበላል። ከዓመቱ ሥራችን እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይሄ መቀባበል ነው።

ለፕሮግራሙ መግለጫ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመን። አንዱ ተማሪ «የክረምት በዓል ዘፈን» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ «ገና በክረምት?» ብለው ተነሡበት። እውነት ነው፣ የእነሱ ብርድ በእኛ በጋ ነው። በረዶም ለእኛ ቆርቆሮ የሚደበድብ እንጂ እንደ ጥጥ የሚወርድ አይደለም። ብዙ ተከራክረን «የፈረንጆች የብርድ ወቅት ዘፈን» ብለን ተስማማን።

ከገና በዓል በፊት በነበረው ዓርብ በወላጆች ፊት አቀረብነው። ሳናቋርጥ ወደ «አሲና በል አሲና ገናዬ» ገባን። ያኛው ደራሲው አይታወቅም፣ ደረጃ ሰንጠረዥም አያውቅም። ከገና ጨዋታ ጋር በየዓመቱ ይመለሳል፣ በቃ። አባቶች ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉ። እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።

በዚያው ወር «ላስት ክሪስማስ» በእንግሊዝ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት የገና አንደኛ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው፣ ከ36 ዓመት በኋላ። ዛሬ በኢንተርኔት የሚደመጥ ሁሉ ስለሚቆጠር አሮጌ ዘፈን በየታኅሣሡ መመለስ ይችላል። ጆርጅ ማይክል ግን ይህንን አላየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው በዚያው በገና ቀን ነው። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ በጣም አዘኑ።

ከዚያ ወዲህ የዓድዋ በዓል ላይ ሽለላና ቀረርቶ አቅርበናል። ሚያዝያ ላይ የኪቦርዱ አዳፕተር በመብራት መቆራረጥ ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት ያለ ኪቦርድ ሠርተናል። የወላጆች ኮሚቴ አዲስ ገዝቶልናል፣ እናመሰግናለን።

የመጨረሻው ልምምዳችን ሰኔ ላይ ነበር። መሣሪያ እየሰበሰብን ሳለ ዝናቡ መጣ፣ ከዚያ በረዶው። ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሣ መነጋገር አልቻልንም። ፍላሹን ያመጣችው ልጅ ወደ ኪቦርዱ ሄደች። ዲ፣ ቢ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ ኤ። ድምፁ ባይሰማንም ጣቷን እያየን ሁላችንም መዝፈን ጀመርን።