ለጀማሪ ቤዚክም ይበቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ ልጆቻቸው ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ከፒያሳ ሱቆች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለሚፈልጉ ወላጆች አንድ ነገር እንጠቁም። ቤዚክ የተባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ አርዱዪኖ ኡኖ አር3 በተባለው ቦርድ ላይ ይሠራል፤ ግን ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ጥቂት መስመር እንደተጻፈ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ (መቼም አዲስ አበባ ነው!) ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋም የማይሰረዝ የቦርዱ ማከማቻ) ላይ ያልተቀመጠ ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል። ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ቦርድ ይሻላል፤ 264 ኪሎባይት ራም አለው። «ቡትሰል» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው ዩኤስቢውን ይሰኩ፤ ቦርዱ እንደ ፍላሽ ሲከፈት ፒኮማይት የተባለውን፣ ቦርዱ ላይ ቤዚክ የሚያሠራውን ፋይል ይገልብጡበት። ከዚያ በሲሪያል ተርሚናል (ከቦርዱ ጋር በጽሑፍ በሚያገናኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም) መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው ገመዱን ይጠርጥሩ፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ዳታ አያሳልፍም። የፒኮ እግሮች (ሌላ ዕቃ የሚገጠምባቸው ፒኖች) የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ ከተገጠመ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ኤልኢዲ ለምትባለው ትንሽ መብራትም 330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ዕቃ) አይርሱ።

የኤሌክትሮኒክስ አስጠኚዎች፣ ከፒያሳ