የሎሬት አፈወርቅ ስቱዲዮ እንደነበረ ይቆይ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

የሥዕል መምህር ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ቪላ አልፋ ነው፤ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ስላለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያና የሥራ ቤት። ሎሬት ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በሩ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለ ቤቱ ወሬ ሲነሳ የምሰማው በአብዛኛው ስለ ሥዕሎቹ ነው፤ ማን ይረከባቸው፣ የት ይቀመጡ፣ ስንት ያወጣሉ። ስለ ስቱዲዮው የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ እሱ ነው።

ቪላ አልፋን የነደፉት ሎሬት ራሳቸው ናቸው። የጎንደርን ግንብ የሚያስታውስ ቤት ነው። በሕይወት ሳሉ እንግዳ በቀጠሮ እየተቀበሉ፣ ክፍሎቹን ራሳቸው እየዞሩ ያስጎበኙ ነበር። እንግዲህ ቤቱን ሙዚየም የማድረግ ሐሳብ ዛሬ እኛ ያፈለቅነው አይደለም። እሳቸው ጀምረውታል፤ የኛ ድርሻ ማስቀጠል ነው።

ስቱዲዮው ለምን ይህን ያህል ያሳስበኛል? ተማሪዎቼን አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕል በፎቶ ሳሳያቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «እንዴት ሠሩት?» ብለው ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥራ ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። ያለቀው ሥራ ግን የልጆቹን ጥያቄ አይመልስም። መልሱ ያለው ረቂቁ ላይ ነው፤ ተሰርዞ እንደገና የተሰመረው መስመር ላይ፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሠዓሊው ከሸራው ምን ያህል ርቆ ይቆም እንደነበር። አንኮበር ተወልዶ፣ የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመጣ እንግሊዝ የተላከ ልጅ እንዴት ሠዓሊ ሆኖ እንደተመለሰ የሚያሳይ ቦታ ያስፈልጋል። ሥዕሎቹን አውጥተን ነጭ ግድግዳ ላይ ብንሰቅላቸው ይህ ሁሉ ይጠፋል።

የሠዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ነገር አስቡት። በስደት እያለ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የነበሩ ሥራዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ አገራቸው ገቡ፤ ዛሬ በስሙ በተሰየመው ማዕከል እናያቸዋለን። ሥዕል ባሕር ተሻግሮም ቢሆን ይመለሳል። የፈረሰ ስቱዲዮ ግን ከየትም አይመጣም።

ቤት ተዘግቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የፈረንሳዩን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን ቤት ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ሞኔ ጂቨርኒ በምትባል መንደር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1926 አረፈ። ልጁ ሲሞት ቤቱ ለአገሪቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተላለፈ። እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀመር ወለሉና የጣሪያው ተሸካሚ እንጨት በስብሶ፣ ደረጃው ፈርሶ ተገኘ። ትልቁ ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ዛፍ በቅሎ ነበር! ያ ሁሉ ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ1980 ለጎብኚ ተከፈተ፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ነው። ፈረንሳይ ገንዘቡንም ባለሙያውንም አገኘች። እኛ ጣሪያ እስኪፈርስ ብንጠብቅ ያን ያህል ገንዘብ ከየት እናመጣለን?

የአዲስ አበባን ክረምት የምናውቅ ሰዎች ነን። አንድ ቆርቆሮ ካፈሰሰ በአንድ ክረምት ሸራ ይሻግታል፣ ወረቀት ይጣበቃል። አየር የማያገኝ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ በበጋም አይወጣም። ለዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። መስኮት የሚከፍት፣ አቧራ የሚያራግፍ፣ ጣሪያ የሚያይ ቋሚ ሠራተኛ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ምዝገባው ይቅደም። እያንዳንዱ ብሩሽ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ካለበት ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ፣ ቁጥር ይሰጠው። የሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን ስቱዲዮ ከለንደን ወደ ደብሊን ሲዛወር የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተጠርተው ነበር። ከ7,000 በላይ ዕቃ አንድ በአንድ መዝግበው፣ ወለል ላይ የወደቀውን ወረቀት ሳይቀር እንደነበረ መልሰው አስቀመጡት። እኛ ማዛወር እንኳ አይጠበቅብንም። ቤቱ እዚሁ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው። ከተማችን በየቀኑ እየፈረሰችና እየተሠራች ባለችበት በዚህ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩ ዕድል ነው።

ለተማሪ ደግሞ በሳምንት የታወቀ ቀን ይኑር። ደብዳቤ አጽፎ፣ ሰው ለምኖ የሚገባበት ሙዚየም ለልጆች አይሆንም። አንድ ክፍል ለወጣት ሠዓልያን ቢለቀቅና ለጥቂት ወራት እየተፈራረቁ ቢሠሩበት ደግሞ ቤቱ ሥራ አይፈታም ነበር። ይህን ብዙ ሰው ላይቀበለኝ ይችላል፤ የሎሬት ስቱዲዮ ሳይነካ በሌላ ክፍል ይሁን ነው የምለው።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘጋቢ ልካችሁ የቤቱ ንብረት ዝርዝር መቼ ተሟልቶ ለሕዝብ እንደሚታይና ጣሪያውን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ኃላፊዎቹን ጠይቁልን። ሁለተኛ፣ ሎሬት በሕይወት ሳሉ ቪላ አልፋን የጎበኙ አንባቢዎቻችሁ ያዩትን እንዲጽፉላችሁ ጥሪ አድርጉ። ሸራው የት ይቆም ነበር? ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር? ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ