የትኛው መርዝ? በምን ተለክቶ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ የጤና ገጽ ግርጌ እየተደጋገመ የሚወጣ የአንድ መጠጥ ማስታወቂያ አለ። «በሰውነትዎ የተከማቸውን መርዝ ጠራርጎ ያስወጣል፣ ጉበትዎን ያጥባል፣ ደምዎን ያጠራል» ይላል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ደምና ሽንት ስመረምር ስለሆነ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ማስታወቂያው የሚያስወጣው መርዝ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሰውየው መጠጡን ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ነበረበት፣ ከጨረሰ በኋላስ ምን ያህል ቀረ ለሚለው ጥያቄም መልስ የለውም። እኔ በሠራሁበት ሙያ ስም የሌለው ነገር አይለካም፤ ያልተለካ ነገር ደግሞ «ወጣ» አይባልም።

ሰውነት መርዝን የሚያስወግድበት የራሱ አሠራር አለው፤ ለዚያውም እጅግ የሚያስደንቅ። ከአንጀት የሚመጣው ደም ወደ ቀሪው አካል ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ይቀበላል። በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሙ ኬሚካሎች በሽንት መውጣት ስለሚያቅታቸው፣ የጉበት ኢንዛይሞች መጀመሪያ ቅርጻቸውን ይለውጧቸዋል፤ ቀጥሎም እንደ ግሉታታዮንና ሰልፌት ካሉ ነገሮች ጋር ያጣምሯቸዋል። በዚህ መንገድ በውሃ የሚሟሙ ከሆኑ በኋላ ከፊሎቹ በሽንት፣ ከፊሎቹ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርደው በሰገራ ይወጣሉ። ኩላሊቶችም በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው አንድ ወይም ሁለት ሊትር የሚሆነውን ብቻ በሽንት አስወጥተው ሌላውን ለሰውነት ይመልሳሉ። ጉበት ውስጥ ተጋግሮ መታጠብን የሚጠብቅ ቆሻሻ የለም።

«ጉበትን ያነቃቃል» የሚለው አነጋገር ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። የጉበት የመጀመሪያው እርምጃ አንዳንዴ ከገባው የባሰ መርዝ ይፈጥራል። ሜታኖል ዐይን የሚያጠፋው በጉበት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲለወጥ ነው። ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ሲወሰድም፣ ጉበት ራሱ ከመድኃኒቱ የሚሠራውን አደገኛ ውጤት የሚያመክነው ግሉታታዮን ያልቅና ጉበቱ ይሞታል። በድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው ማርከሻም ያለቀውን ግሉታታዮን የሚተካ ነው። ስለዚህ የዚህን አካል ሥራ በማናውቀው መጠጥ ወይም ዱቄት ለማፋጠን መሞከር ድፍረት ነው።

መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት መንገድ የለውም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውየው ከተረፈ ግን ንጹሕ አየር እየሳበ በሰዓታት ውስጥ ይወጣለታል። አርሰኒክ አብዛኛው በቀናት ውስጥ ከሽንት ጋር ይወርዳል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አንድ ጠርሙስ መጠጥ እኩል ጠርጎ ያወጣዋል ብሎ ማመን እንዴት ይቻላል?

ከሁሉም ይልቅ እርሳስ ስለሚባለው ከባድ ማዕድን ልናገር እወዳለሁ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ያየሁት የእሱን ጉዳት ነውና። አንድ ቀን የአምስት ዓመት ልጅ የደም ናሙና ደረሰኝ። የመመርመሪያ ወረቀቱ ላይ «የደም ማነስ፣ ተደጋጋሚ የሆድ ቁርጠት» ተብሎ ተጽፏል። ስላይዱን ቀልሜ ሳየው ቀይ የደም ሴሎቹ ገርጥተዋል፤ በርካቶቹ ውስጥም እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሱ ጥቃቅን ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ። እርሳስ ሄሞግሎቢን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ ሴሉ ሲበስል የአር.ኤን.ኤ. (ሴሉ ፕሮቲን ለመሥራት የተጠቀመበት ሞለኪውል) ቅሪቱን የሚያፈርስለትንም ኢንዛይም እንዲሁ። ሳይፈርስ የቀረው ቅሪት ተጠራቅሞ ነው በማቅለሚያው ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው። ነጠብጣቡ በሌሎች የደም ሕመሞችም ሊታይ ስለሚችል ራሴ አልፈረድኩም፤ ለሐኪሙ ደውዬ አባትየው ምን እንደሚሠራ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት።

አባትየው ከቤቱ ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው ነበር። የሥራ ልብሱ ከልጁ ልብስ ጋር አብሮ ይታጠባል። ልጁ የሚጫወተው ምድጃው አጠገብ ባለው አፈር ላይ ነው። የደሙ የእርሳስ ምርመራም ጥርጣሬያችንን አረጋገጠ። ያንጊዜም ዛሬም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያች እናት ልጇ መክሳቱን አይታ፣ ከአንድ ነጋዴ «ደም የሚያጠራ» ዱቄት ገዝታ ለሳምንታት በታማኝነት ስታጠጣው ቆይታለች። ዱቄቱ በሚበጠበጥበት ሰዓት ምድጃው ከጓሮ ይጨሳል። የልጁ የእርሳስ መጠን መውረድ የጀመረው ምድጃው ከግቢ ወጥቶ፣ አፈሩ ተጠርጎ፣ ሐኪሞቹም ሕክምናውን ከያዙት በኋላ ነው።

በደም ውስጥ ያለ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሰውነት ግን እርሳስን ከካልሲየም ስለማይለየው አብዛኛውን አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ ከዚያ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። አንዲት ሴት በልጅነቷ የገባባት እርሳስ ከዓመታት በኋላ ስታረግዝ፣ አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ አብሮ ይለቀቃል፤ እንግዴ ልጁንም አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። ሕፃናት ደግሞ ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የብረትና የካልሲየም እጥረት ሲኖርባቸው ይብሳል። ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እርምጃ ይወሰድ ይላል። ድርጅቱ ምንጩን ማለቱን ልብ ይሏል።

እርሳስን ከደም ይዞ በሽንት የሚያስወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው ግን በደም ምርመራ ለተረጋገጠ ከፍተኛ መጠን፣ በሐኪም ቁጥጥር ነው፤ በአብዛኛው ለልጆች ከ45 ማይክሮግራም ጀምሮ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሁለት ሕፃናትና አንድ አዋቂ በዚህ ዓይነት ሕክምና የደማቸው ካልሲየም አሽቆልቁሎ ሞተዋል። እርሳስ የሚያወጣው መድኃኒት ካልሲየምንም ይዞ ሊወጣ ይችላልና።

እግር በጨው ውሃ ተነክሮ «መርዙ በውስጥ እግር ይወጣል» የሚባልበትን መሣሪያም አይቻለሁ። አንድ ዘመዴ ወስዶኝ ውሃው ሲደፈርስ፣ ወደ ቡናማ ሲለወጥ በኩራት አሳየኝ። ባለሙያ ነኝ ያለችውን ልጅ ውሃው ተቀይሮ ያለ እግር እንድታስነሳው ጠየቅኋት። እያንገራገረች አስነሳችው፤ ውሃው እንደ ቅድሙ ደፈረሰ። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የብረት ዘንጎቹ ይዝጋሉ፤ ቀለሙ የዝገት ቀለም ነው። ዘመዴ ግን የዝገቱን ገንዘብ ከፍሎ ወጣ፤ ያበሳጨኝ ይህ ነው።

ብዙ ሕዝብን ከእርሳስ ያዳነው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። እርሳስ ከቤንዚን ወጣ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለው አማካይ የእርሳስ መጠን ከ90 በመቶ በላይ የወረደው እርሳስን ከቤንዚን፣ ከቀለምና ከመሳሰሉት ለማስወጣት በተወሰደው እርምጃ ነው። በዓለም ላይ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2021 ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ማንም ጉበቱን አላጠበለትም።

በሥራ ዘመኔ በእጄ ያለፈው የመመርመሪያ ወረቀት ዕድሜ፣ ጾታና የካርድ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ነበረው፤ ለሥራ ዓይነት የሚሆን መስመር ግን አልነበረውም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። የጤና ገጻችሁን የሚያነቡ ሐኪሞች ይህችን አንዲት ጥያቄ እንዲጠይቁ፣ ታካሚዎችም ባይጠየቁ እንኳ ራሳቸው እንዲናገሩ እለምናለሁ፦ ባትሪ እሠራለሁ፣ ቀለም እረጫለሁ፣ ፀረ ተባይ እነፋለሁ፣ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም እቀባለሁ። በአንዳንዶቹ ክሬሞች ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት እንደሚጎዳ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። «መርዝ ያስወጣል» የሚል ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣን ሰው የመርዙን ስምና በፊትና በኋላ የተለካበትን የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቁት። ማምጣት ካልቻለ ገንዘቡን መልሱለት፤ በዚያ ቦታ ላይ የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ለይቶ ስለማጠብ የሚናገር ጥቂት መስመር አትሙበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ