በሊበን ሜዳ የዘመረውን ብቻ መቁጠር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ስለሚኖረው ሊበን ላርክ ሲዘገብ «ይህን ያህል ወፍ ተቆጠረ» ይባላል፤ እንዴት እንደተቆጠረ ግን አይነገርም። አብዛኛውን ጊዜ የተቆጠሩት የዘመሩት ወንዶች ናቸው። ወንዱ ሽቅብ ይወጣና ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቆሞ ይዘምራል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ሴቷ ሣሩ ውስጥ ዝም ብላ ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ሳያንሱ እንደማይቀሩ አስጠንቅቋል። እንግዲህ 30 ዘማሪ ተገኘ ማለት 30 ጥንድ አለ ማለት አይደለም። ከሊበን ሌላ ይህ ወፍ ዛሬ የሚታወቀው ጅግጅጋ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቆጠራው «ጋና» በተባለው የቦረና ዋና የዝናብ ወቅት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሁን። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ወንዶቹም ዝም ይላሉ፤ ረፋድ ላይ «የለም» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ንጋት ላይ ወፍ ሊኖረው ይችላል። አምስት ስድስት ሰው በ200 ሜትር ልዩነት ተሰልፎ እኩል ይራመድ። አንዱ ከቀደመ ያው ወፍ ሁለቴ ይጻፋል። ወፉ እየዘመረ በነፋስ ስለሚንሸራተት፣ የሚመዘገበው ከሣሩ የተነሣበት ቦታ እንጂ የቆመበት ሰማይ አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ወፉ ያለው ርቀት ሲለካ፣ በሌዘር ርቀት መለኪያ ሰማይ ላይ ያለች ትንሽ ወፍ መያዝ ያስቸግራል፤ ከሥሯ ያለውን ቁጥቋጦ ለኩ። በዓይን ሲገመት ሁሉም ነገር 50 ወይም 100 ሜትር ይሆንና ስሌቱ ይበላሻል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የአገራችን ባለ 1፡50,000 የድሮ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት) ነው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ሌላ ዳተም ይሠራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል፤ ከካሎ ውስጥ የተገኘች ወፍ ከአጥሩ ውጭ ትወድቃለች። ካሎ ማለት ማኅበረሰቡ ሣሩ እንዲያገግም በእሾህ አጥሮ የሚጠብቀው ግጦሽ ነው። የተቆረጠው ግራር ራሱ አጥር ይሆናል፤ ሣሩ ሲመለስ ወፎቹም ይመለሳሉ። ወፏ የምትወደው ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ሣር ስለሆነ፣ በየነጥቡ የሣሩ ቁመት በማስመሪያ ተለክቶ ይጻፍ። ካሎ ከመግባት በፊት ጠባቂዎቹን አባቶች ማስፈቀድ ግድ ነው፤ መኪናም ሣሩ ላይ አይነዳ።

ጎጆው ሣር ሥር መሬት ላይ ነው። ጎጆ ያገኘ ሰው እዚያው ቆሞ በመጣበት አይመለስ፤ የተረገጠ ሣር ለቀበሮ መንገድ ይሆናል። ሳይቆም በጎን አልፎ፣ ከሩቅ በመነጽር ይከታተል።

ጋዜጣዎ ወደፊት የወፎቹን ቁጥር ሲያትም ወሩን፣ ሰዓቱን፣ የቆጣሪዎቹን ብዛት፣ እንዲሁም ስንት ሴትና ስንት ጎጆ እንደተገኘ አብሮ እንዲያወጣ እንጠይቃለን።

የዱር አእዋፍ ቆጣሪዎች