የተቀበረውን የሚያውቅ ንድፍ ይኑረን፤ ለጅማ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

የተከበሩ ከንቲባ፣

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ የውሃ መስመር ሰበረ። መስመሩን ለመዝጋት ቫልቩ ተፈለገ። የቀረበው ንድፍ መስመሩን ከመንገዱ በስተግራ ያሳያል፤ ውሃው ግን ከቀኝ ይፈልቃል። ለካስ ከዓመታት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ቱቦው ወደ ማዶ ተዛውሮ ኖሯል፤ ንድፉን ያረመው ሰው የለም። በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ ቴክኒሽያን ከቤታቸው ተጠርተው መጡ። የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ “እዚህ ጋ አንሡት” አሉ። ድንጋዩ ሲነሣ የቫልቩ ክዳን ታየ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣቸው፤ የአንድ ሰፈር ውሃ ግን በአንድ አዛውንት ትውስታ ማደር የለበትም።

የውሃ መስመር ከዘረጉት ሰዎች በላይ ዕድሜ አለው። በዚያ ሁሉ ዘመን ይጠገናል፣ ይቀጠላል፣ ይዛወራል። እያንዳንዱ ለውጥ ካልተመዘገበ ወረቀቱና መሬቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ በሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ከስድስት ተከታታይ ጋኖች አንዱ ተሰንጥቆ ተነሣና ክፍተቱ በጊዜያዊ ቱቦ ተገናኘ። የቱቦው ንድፍ በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለ ነበር፤ በቂ ስሌትም አልተሠራለትም። ሁለት ወር ያህል አገልግሎ ሲከዳ ፋብሪካው ፈንድቶ 28 ሰዎች ሞቱ። “ለጊዜው ነው” የሚባል ሥራ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ቅርባችን ያለውን ግልገል ጊቤንም ያስቡ። ሁለተኛው ጣቢያ የራሱ ትልቅ ማጠራቀሚያ ሐይቅ የለውም፤ የመጀመሪያው የለቀቀውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ ይሠራል። ላይ የተለወጠውን ታች ያለው ሊያውቀው ግድ ነው። በከተማም መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ስልክ አንድ አፈር ይጋራሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ ጡረታ የወጡትና ሊወጡ የተቃረቡት ቴክኒሽያኖች አበል እየተከፈላቸው ከቀያሽ ጋር በየሰፈሩ ይዙሩ፤ የሚያውቁት ሁሉ በካርታ ላይ ይስፈር። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ለውጥ፣ በሌሊት የተጠገነ ስብራትም ቢሆን፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይለካ፤ ጥልቀቱ፣ የቱቦው ስፋት፣ ማን እንደፈቀደው፣ ለምን እንደተለወጠ ይጻፍ። ርቀቱ የሚለካው ከማይነሣ ነገር ነው፤ “ከኪዮስኩ ሦስት ሜትር” የሚል መዝገብ ኪዮስኩ የፈረሰ ዕለት ዋጋ የለውም። የቀድሞው ንድፍም “የተሻረ” ተብሎ ከነቀኑ ይቀመጥ እንጂ አይጣል፤ አንዳንዴ ስሕተቱ የት እንደገባ የሚነግረን እሱ ነው።

ተቋራጩን በተመለከተ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። በጨረታው ወቅት የነበረውን ንድፍ ቀኑን ቀይሮ የሚያስረክብ ተቋራጭ የመጨረሻ ክፍያ አይገባውም። መሐንዲሱ ንድፉን ይዞ ሁለት ሦስት ቦታ ያስቆፍር፤ ቱቦው በተባለበት ካልተገኘ ርክክቡ ይቁም።

ይህን ሁሉ የሚጠብቅ በስሙ የሚታወቅ አንድ ባለሙያ ይመደብልን። ካርታው በእጁ ይሁን፤ ከእሱ ፈቃድ ሳያገኝ በጅማ መሬት ላይ ማንም ዶማ እንዳያነሣ ትእዛዝ እንዲሰጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጅማ ነዋሪ