ሁለት ዓመት ዘግይቼ

ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም። መልሼ እደውላለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ይኸው ሁለት ዓመት። በኋላማ መደወሉን ራሱ ፈራሁት። በጣም ይቅርታ። ሰበብ አልደረድርብህም።

ናፍቀኸኝ ብቻ ነው የጻፍኩት ብል ግን ውሸት ይሆናል። ጉዳይ አለኝ።

ኖን ሊኒየር ፋይናይት ኤለመንት ውስጥ ገባሁልህ፤ አንድን አካል በትንንሽ ቁርጥራጭ (ኤለመንት) ከፋፍሎ በኮምፒውተር ማስላት፣ ያውም ቀጥተኛ ያልሆነውን ዓይነት። "አንድ ቀን ትመጣለህ" ስትለኝ አልነበር? መጣሁ፤ ደስ ይበልህ። በሊኒየሩ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱም እጥፍ ነው፤ አንዴ ፈትተህ ትተኛለህ። እዚህ ስቲፍነሱ፣ ግትርነቱ ማለት ነው፣ ራሱ ይለዋወጣል። ጭነቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመርክ፣ የውስጡ ኃይል ከውጪው ጋር እስኪገጥም በኒውተን ራፍሰን፣ ግምትን ደጋግሞ በማረም ዘዴ፣ ትመላለሳለህ። ስህተቱ 0.1፣ 0.01፣ 0.0001 እያለ ሲወርድ ማየት እንዴት ደስ ይላል መሰለህ!

ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ፌሮ የሌለው፣ ከሥሩ መሃል ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ትንሽ የኮንክሪት ቢም ሞዴል ሠራሁ። አንተ ላብራቶሪ ውስጥ የሰበርካቸውን ዓይነት። ጭነት እየጨመርኩ ሄጄ ቢሙ የሚችለው ጭነት ጣሪያ ላይ ስደርስ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። አንተ ማሽኑ ላይ የምታደርገው ትዝ አለኝና፣ ጭነቱን ትቼ ጉብጠቱን እየጨመርኩ መግፋት ጀመርኩ። የጭነትና የጉብጠቱ ኩርባ ጣሪያውን አልፎ ቁልቁል ወረደ። ሲያምር! ለአማካሪዬ አሳየኋቸው፤ ተደሰቱ።

የዚያኑ ዕለት ሌሊት ሜሹን፣ የኤለመንቶቹን መጠን፣ ከ20 ሚሊሜትር ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 5 አወረድኩት። ኩርባው በየጊዜው ሌላ ሆነ። ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ቢሙ ቶሎ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ አንድ ረድፍ ኤለመንት ውስጥ ይሰበሰባል፤ ረድፉ ሲጠብ ለመስበር የሚፈጀው ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ለካ ያሳየሁት የሜሼን ኩርባ ነው። ስላይፕነር ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የሰጠመው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ የኮንክሪት መድረክ። የዚያ ትንተና ሊኒየር ነበር፤ ግን ሜሹ ሻካራ ስለነበር ሸሩ፣ የሚቆርጠው ኃይል፣ በ47 በመቶ አንሶ ነው የተሰላው። እንቅልፍ ነሳኝ።

መላው ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ባዣንት እና ኦ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚዳከምበትን መስመር ከኤለመንቱ ስፋት ጋር አስማማሁት። አሁን ሦስቱ ኩርባዎች ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸው። የቀረው የስንጥቁ ጉልበት ቁጥር ነው። የእኔ ከቀመር የወጣ ነው። ያንተ ግን የተለካ።

እና... እንዴት ልበልህ። ያንን የላብራቶሪ ደብተርህን ፎቶ አንስተህ ትልክልኛለህ? የጭነቱንና የጉብጠቱን ንባብ ብቻ። መለኪያውን ያሰርከው ቢሙ ላይ ነበር ወይስ የማሽኑን ጭንቅላት ነው የለካኸው? ድጋፎቹ ጋ የሚደቀው ከገባበት ጉልበቱ ያለ አግባብ ይበዛብኛል። ስለ እጅ ጽሑፍህ አታስብ፤ ያንን የዶሮ ጭረት እኔ ድሮም ለምጄዋለሁ።

ለአማካሪዬ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ሐሙስ እንገናኛለን። ያንተ ቁጥር መጣም አልመጣ እነግራቸዋለሁ። ግን ሦስቱን ኩርባ ካንተ መስመር ጋር አንድ ወረቀት ላይ ይዤ ብገባ ልቤ ያርፋል።

ማታ ማታ ደውል። አነሳለሁ።