ደብዳቤ ለልጄ፦ ለሥራም ለኪልትም የሚሆን ቦት ጫማ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሥራ ቀን መጋዘን የምትውልበት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ከሚለብሱት ባለ ሽንሽን የሱፍ ጉርድ) ጋር የምታደርገው አንድ ጠንካራ ቦት ጫማ ልትገዛ መሆኑን ጽፈህልኛል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህን ረጋ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ አሠሪህን ጠይቅ። መጋዘኑ ሴፍቲ ጫማ ግዴታ ነው ካለ አንድ ጫማ ለሁለቱም የሚለውን ሐሳብ ተወው። ኤስ3 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ያለበት ሴፍቲ፣ ጣትን የሚከልለው አፍንጫው የ200 ጁል ምት ይችላል፣ ሶሉንም ምስማር በቀላሉ አይበሳውም። ለሥራው ጥሩ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ተንበርክከህ ስትሠራ አፍንጫው ውስጥ ያለው ብረት የኋላ ጠርዙ ጣቶችህን ይጫናል፣ ከኪልት በታች ደግሞ እግርህን የብረት ድስት ያስመስለዋል። በብሪታንያ የ1974ቱ የሥራ ደህንነት ሕግ መሠረት ለሥራው የግድ ለሆነ መከላከያ አሠሪህ ሊያስከፍልህ አይችልም። ስለዚህ ያንን እሱ ይግዛልህ፤ የአንተ ገንዘብ ለሁለተኛው ይቆይ። ሴፍቲ ግዴታ ካልሆነ ግን አንድ ጥሩ ቦት ለሁለቱም ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልህ ስለዚያ ነው።

ሱሪ የጫማን ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የቦቱን አፍ ይከድናል፣ ዝናቡን ወደ ውጭ ያፈሳል፣ በቅልጥምህና በቆዳው መካከል ይገባል። ኪልት ጫፉ የጉልበትህ ሎሚ ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለዓይንም ለዝናብም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁመቱን ተመልከት። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ቦት ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የሚያዋጣህ እሱ ነው። 20 ሴንቲ ሜትሩ ባትህ መወፈር የሚጀምርበት ላይ ያርፋል፤ በሄድክ ቁጥር ይቆርጥሃል፣ እግርህንም አሳጥሮ ያሳያል። ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርግና ወደ ታች ሰብስበህ የቦቱን አፍ አልብሰው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊዎችን ስታዲየም በር ላይ ብታያቸው ብዙዎቹ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ለሠርግና ለክብር ልብስ ግን ምላስ የሌለው፣ የጫማ ክሩ ባት ላይ የሚጠመጠመው ጊሊ ብሮግ የሚባል ጫማ አለ፤ ቦቱን እዚያ አትውሰደው።

ሱቅ ውስጥ ጣትህን በቦቱ አፍ ውስጥ ዙሪያውን አስኪድ። የሚቆረቁር ስፌት ካገኘህ ሱሪ ለሌለው ሰው አይሆንም። ከላይ በኩል ክሩን የሚይዙት የብረት መንጠቆዎችም ለኪልት ክፉ ናቸው፤ ስትንበረከክ ወይም እግርህን አነባብረህ ስትቀመጥ የካልሲውን ሱፍና የኪልቱን ሽንሽን ይስባሉ። አንድ ክር ከተመዘዘ ደግሞ ሱፉ እንደነበረ አይመለስም። እስከ ላይ ድረስ ቀዳዳ ብቻ ያለውን ፈልግ። ባለ 8 ቀዳዳ ከሆነ 140 ሴንቲ ሜትር ክር ይበቃዋል።

ውሃ አያስገባም ተብሎ ውስጡ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ያለው ቦት ለኪልት የሚያስቡትን ያህል አይጠቅምም። ዝናቡ ከኪልቱ ጫፍ ባትህ ላይ ይንጠባጠባል፣ በካልሲው ወርዶ ከላይ ይገባል፤ የገባው ውሃ ደግሞ በሽፋኑ ታግዶ ውስጡ ይቀራል። ያ ሽፋን የሌለው፣ በደንብ ዘይት የጠጣ የከብት ቆዳ ቶሎ ይደርቃል። ምላሱ ግን በሁለቱም ጎን እስከ ላይኛው ቀዳዳ አካባቢ ከጫማው ጋር የተሰፋ ይሁን፤ ኩሬ ስትረግጥ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነው።

ቆዳውን ጎንበስ ብለህ በቅርብ እየው። አፍንጫው አጠገብ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ቀጫጭን የተጠጋጋ ሽብሽብ ከወጣና ጣትህን ስታነሳ ከጠፋ ጥሩው የከብቱ ክፍል ነው። ወፍራም፣ ከሥሩ የለቀቀ የሚመስል እጥፋት ካየህ የሆድ ቆዳ ሳይሆን አይቀርም፤ በጥቂት ወራት ይላላል። የእኛ አገር የበግ ቆዳ በልስላሴው ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፤ ለሥራ ቦት ግን የሚያስፈልገው 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው።

ከቆዳው ይልቅ ዕድሜውን የሚወስነው አሠራሩ ነው። ጉድይር ዌልት የሚባለው አሠራር የላዩን ቆዳና የውስጥ ሶሉን ዙሪያውን ከሚሄድ ጥብጣብ ጋር ይሰፋል፤ የታችኛው ሶል ደግሞ ለብቻው ከዚያው ጥብጣብ ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው የታችኛውን ስፌት ፈትቶ አዲስ ያደርጋል፣ የላዩ ቆዳ አይነካም። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈውም አንዳንዴ ለጌጥ ስፌት ስለሚደረግለት በጎኑ አትታለል፤ ገልብጠህ ስፌቱ ሶሉን በስቶ መውጣቱን እይ። ቀጥሎ ውስጡን ዳብሰው። እግርህ በሚያርፍበት ላይ ዙሪያውን ስፌት ካገኘህ ሶሉ በቀጥታ ከውስጥ የተሰፋ ነው፤ እሱ ውሃን በስፌቱ በኩል ይስባል። ከሚያዝያ 1960 ጀምሮ የሚሠራው ባለ ቢጫ ስፌቱ ዶክተር ማርቲንስ 1460 ከኪልት ጋር ያምራል፤ ሶሉ ግን ከጥብጣቡ ጋር በሙቀት የተበየደ ስለሆነ ሰፈርህ ያለው ጫማ ሰፊ ሊቀይርልህ ይቸገራል። ከታች የስፖንጅ ዓይነት ፖሊዩሬቴን ያለውን ደግሞ ለዓመታት አስቀምጬ አደርገዋለሁ አትበል፤ ከእርጥበት የተነሳ ሳይለበስም ይፈረፈራል።

ሶሉ ጎማ ይሁን፣ ጥርሱም ጥልቅ አይሁን። የኤድንብራ መንገድ ጥርብ ድንጋይ ሲረጥብ ለስላሳ የቆዳ ሶልን ያንሸራትታል፤ ጥልቅ ጥርስ ደግሞ ጠጠር ይይዛል፣ ለስላሳ የመጋዘን ወለልም ላይ የሚነካው ጥቂት ነው።

ስትለካ ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ እግር ውሎ ያብጣል። የምታደርገውን ወፍራም ካልሲ ይዘህ ሂድ፣ ሁለቱንም ለካና ለትልቁ እግር ግዛ። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአንድ አውራ ጣት ወርድ ያህል ይትረፍ። ከጣቶችህ ሥር ያለው ሰፊው ቦታ ጫማው በሚታጠፍበት ላይ ካልገጠመ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም አይሆንህም። አዲስ ዌልት ቦት ተረከዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ጎኑ የሚጫንህን ግን ይሰፋል ብለህ አትግዛ። የብሪታንያ አንድ ቁጥር ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር፣ የአውሮፓው ወደ 6.7 ስለሆነ ሁለቱ በትክክል አይገጥሙም፤ በሚሊ ሜትር ተነጋገር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አድርገው፤ መጋዘን ይዘኸው ከገባህ ተረከዝህ ውሃ ይቋጥራል። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቅበትና ከማሞቂያው አርቀው፤ ሙቀት ቆዳን ያደርቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነጭ መስመር ከተወበት ትንሽ አቼቶ በውሃ አቅጥነህ በጨርቅ ጥረገው፣ ሲደርቅ ቅባት ስጠው። ቅባት ግን አታብዛ፤ ቆዳው ይልሞሰሞሳል። ታኮው አልቆ ከሥሩ ያለው የቆዳ ድርብርብ ሳይነካ፣ ሶሉም ጥብጣቡ ጋ ሳይደርስ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰደው።

ከመግዛትህ በፊት ካልሲህን አድርገህ ወረቀት ላይ ቁም፤ እርሳሱን ቀጥ አድርገህ ሁለቱንም እግርህን አስምርና ርዝመቱንና ሰፊውን ቦታ በሚሊ ሜትር ጽፈህ ላክልኝ።

አባትህ